ባለወረቀቷ አዴ ኩልሱማ

ግርማ ሲደውልልኝ መጋዙ እየሠራ ነበር። አዳማ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ውስጥ፣ የእንጨት ሥራ ክፍል፣ ስልኩን በአንድ ጆሮዬ ይዤ ሌላውን በመዳፌ ደፍኜ "ማን? ማን አልከኝ?" እያልኩ እጮሃለሁ። ግርማም ከአሰላ ይጮሃል።

"አዴ ኩልሱማ አረፉ!"

መጋዙን አጠፋሁት።

"መቼ?"

"ዛሬ ጠዋት። አስከሬናቸው አሁን ወደ መቃብር እየወጣ ነው። አትደርስም፣ አትሞክር።"

ተማሪዎቹን ቀድሜ ለቀቅኳቸው። ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ ተነሣሁ። ወደ ውጭ ወጣሁ፣ ተመለስኩ። ግማሽ የቀረ የበር መቃን ነበር፤ ላለስልሰው ብዬ መላጊያውን ያዝኩና መልሼ አስቀመጥኩት። እኒህ ሴት ባወቅኳቸው ዓመታት ሁሉ አንድ ቀን እንኳ አርፈው አያውቁም። አሁን አረፉ ሲባል እኔ ነኝ ማረፍ ያቃተኝ።

አሰላ የሄድኩት ከደብረ ብርሃን ተመድቤ ነው፤ የእንጨት ሥራ መምህር ሆኜ። ኦሮምኛ ከሰላምታ አላልፍም ነበር። "አዴ" እንደ እትዬ ያለ የአክብሮት መጠሪያ መሆኑን እንኳ ያወቅኩት በእሳቸው ነው፤ መጀመሪያ ስማቸው መስሎኝ "ወይዘሮ አዴ" ብያቸው ገበያው ሁሉ ሳቀብኝ። እሳቸው አልሳቁም። "ግማሹን አውቀሃል፤ ግማሹን ደግሞ ጠይቅ" አሉኝ።

ከቅዳሜ ገበያው ጫፍ፣ ከኮርቻ ሰፊዎቹ አለፍ ብሎ፣ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ቦታ ነበር። አምስት ስድስት ነጋዴዎች ሸራ ዘርግተው በርጩማ፣ እርካብ፣ የወተት ዕቃ፣ ፋኖስ፣ የጦር ጫፍ፣ እጀታው የወለቀ የልብስ ስፌት መኪና ይደረድራሉ። ከአዲስ አበባ የሚመጡ የሆቴል ባለቤቶች፣ ቤት የሚያስጌጡ ሰዎች፣ አልፎ አልፎም ፈረንጆች ይገዟቸዋል። ገዢ ሲመጣ ሁሉም ነጋዴ አፉን ይከፍታል፦ ይሄ የመቶ ዓመት ነው፣ ይሄ የባላባት ነው፣ ይሄ ከጣሊያን የተማረከ ነው። አዴ ኩልሱማ ብቻ ዝም ይላሉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው ያወረዱ ሴት። በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ከጫማ ካርቶን የተቆረጠ ወረቀት በሲባጎ ታስሯል። በአንድ በኩል በኦሮምኛ፣ በሌላው በኩል በልጅነታቸው መሠረተ ትምህርት በተማሩት አማርኛ ተጽፏል። ስለዚህ ገበያው "ባለወረቀቷ" ይላቸው ነበር።

አንዳንዶቹ ወረቀቶች ዛሬም በቃሌ አሉ።

"የወተት ዕቃ። አርቦዬ፣ ከጦይባ ቤት። ክዳኑ የራሱ አይደለም። የሸጠችው ፕላስቲክ ስለገዛች ነው።"

"የጦር ጫፍ። ሻጩ አያቴ አንበሳ ገድሎበታል ብሏል። ጦሩን አይቻለሁ። አንበሳውን አላየሁም።"

"ፋኖስ። አላውቅም።"

ዕቃ ሲመጣላቸው መጀመሪያ ይገለብጡታል። ፊቱን አያዩትም። ሥሩን ያያሉ፣ በአውራ ጣታቸው ያሹታል፣ ያሸቱታል። "ሰው የሚወለውለው ፊቱን ነው፤ ሥሩን ማን ያስታውሰዋል?" ይሉ ነበር። ከዚያ ሻጩን ይጠይቁታል፦ የማን ነበር? ማን ሰጠህ? ምኑ ተጠገነ? ለምን ትሸጠዋለህ? መልሱ ካላረካቸው በሳምንቱ መካከል ይነሡና ዕቃው መጣበት ወደተባለው አገር ይሄዳሉ። ገብስ በጫነ አይሱዙ ላይ ከጆንያ መካከል ተቀምጠው ዲክሲስ ይሄዳሉ፤ በጋሪ፣ በእግር፣ የጭላሎ ተራራ ጭጋግ ለብሶ ዝናቡ ሲወርድ ሳይቀር ላስቲክ ደርበው ይሄዳሉ። ልጃቸው ሐዋ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የሆነችው፣ ሁልጊዜ ትቆጣቸዋለች።

"እማ፣ ለአንድ እርካብ ሁለት ቀን?"

"እርካቡ መጥቶ አይነግረኝም። እግር ያለኝ እኔ ነኝ።"

እንዴት ተዋወቅን? በውሸቴ ነው የተዋወቅነው።

ከማስተማር በተረፈኝ ሰዓት ከዋንዛ እንጨት በርጩማ እሠራ ነበር። ሠርቼ ግን እንደ አዲስ አልሸጥም። እበት ክምር ውስጥ ለሳምንታት እቀብረዋለሁ፤ አውጥቼ በጢስ አጠቁረዋለሁ፤ ቅቤ እቀባለሁ፤ እግሮቹን ያረጁ እንዲመስሉ በሞረድ እፍቃለሁ። ግርማ፣ ከአዴ ኩልሱማ ሸራ ጎን የሚሸጠው፣ "የአያት የቅድመ አያት" እያለ ይሸጥልኛል። ተማሪ የሚያስተምር ሰው እንዲህ ማድረጉ እንዴት አላሳፈረኝም? ያኔ ብልሃት ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ግርማ ዘንድ የቀረ አንድ በርጩማዬን አዴ ኩልሱማ አነሡት። እኔ ቆሜ አያለሁ። ገለበጡት። አሹት። አሸተቱት። ከዚያ ቀና ብለው ግርማን ሳይሆን እኔን አዩኝ።

"በዚህ በርጩማ ላይ ማንም ተቀምጦ አያውቅም" አሉ።

"ምን ይላሉ እማማ፣ የመቶ ዓመት ነው" አለ ግርማ።

"መቶ ዓመት ሙሉ ቆመው ነዋ የኖሩት!" አሉና ወደ እኔ ዞረው፣ "እጅህ ግን ጥሩ ነው፣ መምህር። የእግሩ አገባብ ያምራል። ለምን ስምህን አትጽፍበትም?"

ጆሮዬ ጋለ። "እኔ መቼ ሠራሁት" አልኩ።

በርጩማውን ከግርማ ገዙት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሸራቸው ላይ፣ ከሁሉም ፊት፣ ተቀምጦ አገኘሁት። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ "በርጩማ። አዲስ ነው። ጥቁረቱ የጢስ ነው። የሠራው መምህር ታደሰ፣ አሰላ። ጥሩ እጅ አለው።"

ተማሪዎቼ እዚያ ገበያ ይገበያያሉ። የሥራ ባልደረቦቼ ይገበያያሉ። ሮጬ ሄድኩ።

"አዴ፣ ይህን ያንሡልኝ!"

"ውሸት ጽፌአለሁ?"

"አልጻፉም፣ ግን..."

"ውሸት ከሆነ አሁኑኑ እቀደዋለሁ። ንገረኝ።"

ምን እላለሁ? ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ንዴቱ ሳምንቱን ሙሉ አልለቀቀኝም፤ ቤቴ ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ ስመላለስ ሰነበትኩ። በሦስተኛው ቅዳሜ በርጩማው የለም። "አንድ የአርቦዬ ገበሬ ወሰደው" አሉኝ። "ወረቀቱን ሁለቴ አስነበበኝ። ‘የሚቀመጡበት ነው ወይስ የሚያዩት?’ አለኝ። የሚቀመጡበት አልኩት። ወረቀቱንም አብሮ ወሰደ።" ስሜ አርቦዬ ውስጥ በአንድ ሰው ቤት ተቀምጧል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ እበት ውስጥ የቀበርኩት በርጩማ የለም።

ቀስ በቀስ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሸራቸው አጠገብ መዋል ጀመርኩ። ዓይናቸው ሲደክም አማርኛውን እጽፍላቸው ነበር። አንድ ቀን ይህ ነገር ከየት እንደጀመራቸው ጠየቅኳቸው።

"ከአባቴ ኮርቻ" አሉ። "አባቴ ሲሞት ወንድሞቼ ኮርቻውን ሸጡት። እኔ አዲስ ሙሽራ ነኝ። አንድ ቀን ገበያ ስመጣ ሻጩ አንጠልጥሎት ‘ይህ በጦርነት መቶ ሰው የገደለ ጀግና ኮርቻ ነው’ ይላል። አባቴን ታውቀዋለህ? ውሻ ይፈራ ነበር። በዚያ ኮርቻ ተቀምጦ ለቅሶ ነው የሚሄደው። ሰው ሲሞት ቀድሞ የሚደርስ እሱ ነበር፣ ሩቅም ቢሆን፣ ቢዘንብም። የአባቴ ነው ብዬ ተናገርኩ። ገዢው ሳቀብኝ። ጀግናውን ገዝቶ ሄደ። አባቴ ገበያ ላይ ቀረ።"

ይህን ሲናገሩ እጃቸው ሲባጎ እየጠመዘዘ ነበር።

ቀጥሎ የምናገረው ለመናገር የማልወደውን ነው።

አንድ ቅዳሜ አዴ ኩልሱማ አርቦዬ ሲሄዱ ሸራቸውን እንድጠብቅ አደራ አሉኝ። ጠዋት ላይ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው፣ ጃኬት የለበሰ፣ ዓይኑ አንድ ቦታ የማይረጋ ሰው መጣ። በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ፈታ። ሲንቄ ነበረች። ሲንቄ በአርሲ ሴት ስታገባ እናቷ የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት። ከብት አይነዱባትም፣ አይመረኮዟትም። ሴት ስትበደል ሲንቄዋን ይዛ ከወጣች የሰፈር ሴቶች ሁሉ የየራሳቸውን ይዘው ከጎኗ ይቆማሉ፤ በደሉ ሳይካስ ወንድ ደፍሮ አያልፋቸውም። ገበያ ላይ ወጥታ አይቼ አላውቅም።

"የማን ናት?" አልኩ፣ አዴ ኩልሱማ እንደሚጠይቁት።

"የእናቴ። ሸጊቱ ትባላለች። ዲክሲስ።"

"ለምን ትሸጣታለህ?"

"ሞታለች። ሦስት ወር ሆናት።"

አዘንኩለት። በትሯን ገዛኋት። ገለበጥኩ፣ አሸተትኩ፣ ሁሉን እንደ እሳቸው አደረግሁ። ከዚያ በጥንቃቄ ጻፍኩ፦ "ሲንቄ። ዲክሲስ፣ የአዴ ሸጊቱ። አርፈዋል። የሸጠው ልጃቸው ነው።" ወረቀቱን አስሬ ኮራሁ። ሰዓት ሳይሞላ አንድ መኪና የያዘ የአዲስ አበባ ሰው አየና ሳይከራከር ገዛ። ማን እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኩም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ እሳቸውም ተመልሰው፣ ወረቀት እያሰርን ሳለ አንዲት አጠር ያሉ አሮጊት ከፊታችን ቆሙ። ጫማቸው ጭቃ በጭቃ ነው። በኦሮምኛ ተናገሩ፤ አዴ ኩልሱማ እየሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። ከዚያ አሮጊቷ በተሰባበረ አማርኛ ወደ እኔ ዞሩ።

"ወረቀት የጻፈ አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ፣ እናቴ።"

"እኔ ሸጊቱ ነኝ።"

ካርቶኑ ከእጄ ወደቀ።

የሆነው ይህ ነው፦ ባለፈው ቅዳሜ አንድ የሚያውቃቸው የዲክሲስ ሰው ገበያ መጥቶ ኖሯል። ሲንቄዋን አየ፣ ወረቀቱን አነበበ፣ ማታ አገሩ ሲገባ አዴ ሸጊቱ አሰላ ሄደው ሞተው እዚያው ተቀበሩ ብሎ አወራ። በማግስቱ እኅታቸው ከሌላ ቀበሌ ደረቷን እየደቃች መጣች። አዴ ሸጊቱ ደጃፋቸው ላይ ገብስ እያሰጡ ነበር። እኅታቸው አይታቸው ራሷን ስታ ወደቀች። ከዚያ ነው ሲንቄያቸውን ፈልገው ያጡት። ልጃቸው ገመቹም አብሮ ጠፍቷል።

"ሰው ለቅሶዬን ደረሰ" አሉ አዴ ሸጊቱ። "እኔው ራሴ እንጀራ አቀረብኩላቸው።"

አዴ ኩልሱማ አልጮኹብኝም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር።

"ስትሞት አይተሃል?" አሉኝ።

"አላየሁም።"

"ቀብሯን?"

"ልጇ ነው የነገረኝ።"

"ልጇ ነገረህ። ታዲያ ‘ልጇ ሞታለች አለኝ’ ብለህ ጻፍክ? ወይስ ‘ሞታለች’ ብለህ?"

 ለአንበሳው የጻፉትን ስንት ጊዜ አንብቤ ስቄ ነበር፤ ለሰው ስደርስ ግን ረሳሁት።

"ተነሥ" አሉኝ። ገበያው ገና መሙላቱ ነው፤ ሸራቸውን ጠቀለሉ።

ያን ቀን አሰላን ስንዞር ዋልን። ሰውየው ነጭ መኪና እንደነበረው ብቻ ነው የማውቀው። ሆቴሎቹን ጠየቅን፤ ዘበኞቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አዴ ሸጊቱ ደክሟቸው ድንጋይ ላይ ሲቀመጡ አዴ ኩልሱማ ይቀድማሉ፤ እኔ በሁለቱ መካከል እሮጣለሁ። በመጨረሻ ከከተማው መውጫ ያለው ጎሚስታ አስታወሰ። "ነጭ መኪና፣ ከኋላ ጦርና ጋሻ የጫነ? ጎማውን ሠርቼለታለሁ። መለዋወጫ ላክልኝ ብሎ ቁጥሩን ሰጥቶኛል።"

ደወልን። ሰውየው የባህል ምግብ ቤት አለው። በትሕትና ነው ያናገረኝ፣ ግን አይመልስም።

"ወንድሜ፣ በሕጋዊ መንገድ ገዝቻለሁ። ባለቤቷ ሞታለች ብላችሁ ጽፋችኋል። ወረቀቱ እዚህ አለ።"

አዴ ኩልሱማ ስልኩን ከእጄ ወሰዱ። "ልጄ፣ ወረቀቱ ተሳስቷል። ሟቿን ላገናኝህ" አሉና ለአዴ ሸጊቱ ሰጧቸው።

አሮጊቷ ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙ። "አሎ" አሉ። "እኔ አለሁ።" ሌላ ምንም አላሉም።  ሰውየው "ኑና ውሰዱ" ሲል ለእኛም ተሰማን።

ሰኞ በመጀመሪያው አውቶቡስ አዲስ አበባ ሄድን። ምግብ ቤቱ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በአሮጌ ዕቃ ተሞልቷል። ሲንቄዋ ከጦርና ከጋሻ መካከል በሚስማር ተሰቅላለች። የእኔ ካርቶን የለም፤ በምትኩ በወርቃማ ፊደል የታተመ ጽሑፍ አለ። አዴ ሸጊቱ ማንበብ ስለማይችሉ አዴ ኩልሱማ ጮክ ብለው አነበቡላቸው፦ "የአርሲ ባላባት ሚስት በትረ ሥልጣን። ዕድሜው ሁለት መቶ ዓመት።"

አዴ ሸጊቱ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። መጀመሪያ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ይስቁ ነበር።

"ሁለት መቶ ዓመቴ ነው? ባሌ ባላባት ነበር? ሳይነግረኝ ሞተ!"

ባለቤቱም ሳይወድ ሳቀ። ወንበር ላይ ወጥቶ ሲንቄዋን አወረደና ሰጣቸው። ገንዘቡን እኔ መለስኩለት። ፎቶ ላንሣ ሲል አዴ ሸጊቱ በትራቸውን ከነጠላቸው ሥር ከተቱ።

"ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?" አለ ሰውየው ባዶውን ሚስማር እያየ። "እንግዳ ሲጠይቀኝ አላውቅም ልበል?"

"አዎ" አሉ አዴ ኩልሱማ። "አላውቅም ነውር አይደለም። እስክሪብቶ አለህ?"

አውቶቡሳችን ሊያመልጠን ነው እያልኩ እቁነጠነጣለሁ፤ እሳቸው ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ ዞሩት። እያወረዱ ይገለብጣሉ፣ ያሸታሉ። "ይህ አዲስ ነው። ይህ ወንፊት ነው እንጂ ጌጥ አይደለም። ይህን አላውቅም።" ሰውየው መጀመሪያ ተኮሳተረ፤ በኋላ ግን ራሱ እያወረደ ያቀብላቸው፣ የሚሉትን ይጽፍ ጀመር።

ወደ ዲክሲስ የሄድነው በማግስቱ ነው። አዴ ኩልሱማ "በትሯን መለስን እንጂ ነገሩን አልመለስንም" ብለው አስገደዱኝ። ገመቹ ተመልሶ ኖሮ ከጓሮ፣ ከገለባው ክምር ሥር ተቀምጦ አገኘነው። ጎረቤቶች ተሰበሰቡ። ሁሉም ለምን ሸጥክ ይለዋል። እሱ መሬት መሬት ያያል። ለመንገድ ነበር አለ፤ ሥራ ፍለጋ አገር ጥሎ ሊሄድ።

አዴ ኩልሱማ አጠገቡ ቁጢጥ አሉ። "መሸጥህን ተወው። ለምን ሞታለች አልክ?"

"ካልሞተች ማን ይገዛኛል?" አለ። ድምፁ የሕፃን ድምፅ ሆነ።

 አዴ ሸጊቱ ሲንቄያቸውን ይዘው ቀረቡ። እሱ የሚመቱት መስሎት ክንዱን በራሱ ላይ አጠፈ። አልመቱትም።

"አንተን ሳምጥ ይህችን ጨብጬ ነው የወለድኩህ" አሉት። "ሄደህ ሥራ ፈልግ። ግን በሕይወት ያለች እናት ትተህ ሂድ። የሞተች እናት ያለው ሰው ወደ ቤቱ አይመለስም።"

ጉልበታቸው ላይ ወደቀ። ብዙዎቹ ፊታቸውን አዞሩ፤ እኔም አዞርኩ። ከዚያ አዴ ኩልሱማ ወደ እኔ ዞረው "አሁን ደግሞ አንተ" አሉኝ።

በማያውቁኝ ሰዎች ፊት፣ በማልችለው ኦሮምኛ፣ እሳቸው ቃል እያቀበሉኝ ተናገርኩ። ሞታለች ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አላየሁም። የሰማሁትን እንዳየሁ አድርጌ ጻፍኩ። ማሩኝ። አንድ ሽማግሌ በመጨረሻ "ከዚህ ወዲያ ስንሞት መጥተህ እይና ጻፍ" አሉኝና ሁሉም ሳቀ፤ እርጎ ቀረበልን። እኔ ግን ያን ቀን የተሰማኝ ነገር ዛሬም አልለቀቀኝም። ምንም ነገር ስጽፍ፣ የተማሪ ውጤት እንኳ ቢሆን፣ እጄ ይቆማል። አይተሃል? ወይስ ነግረውህ ነው?

ከዚያ ወዲህ አዴ ኩልሱማ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎቹን ሰበሰቧቸው። ሁላችንም ወረቀት እንጻፍ፤ ያየነውን ያየን ብለን፣ የነገሩንን ነገሩን ብለን፤ የተጠገነውን እንናገር፤ ሻጩን ሳናውቅ አንግዛ አሉ።

"አዴ" አለ ግርማ፣ "ሰው የሚገዛን እኮ ተረቱን ነው። እውነቱን ከጻፍን እንጨት ብቻ ይቀራል።"

"ተረት ከሆነ ተረት ብለህ ጻፍበት። ተረት የሚወድ ይገዛሃል።"

ሳቁ፣ ተስማሙ፣ እጅ ተጨባበጡ። ደንቡ ሦስት ገበያ ቆየ። በአራተኛው ቅዳሜ ወረቀት የነበረው የእሳቸው ሸራ ብቻ ነበር። እሳቸው ግን እንደተሸነፈ ሰው አልሆኑም። "ሦስት ገበያ ቀላል ነው?" አሉኝ።

እኔ ወደ አዳማ ተዛወርኩ። በየበዓሉ እደውልላቸው ነበር፤ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ናቸው፤ ከኋላቸው የመኪና ድምፅ ይሰማል። ከዚያ እግራቸው እንደታመመ ሰማሁ። ሄጄ እጠይቃለሁ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እጠይቃለሁ እያልኩ አልሄድኩም። ይህንንም እንዲሁ እጽፋለሁ፤ አልሄድኩም።

በተቀበሩ ማግስት ለቅሶ ደረስኩ። የገበያ ሰዎች፣ ከየወረዳው የመጡ የማላውቃቸው ገበሬዎች ግቢውን ሞልተውታል። ሐዋ ዓይኗ አብጧል። "እያንዳንዱን ማን እንደሆነ እጠይቃለሁ" አለችኝ፤ "ሁሉም አንድ ዕቃ ሸጠውላት ቤታቸው ድረስ የሄደችባቸው ናቸው።"

ግርማ ግን ከሰው ጋር አልተቀመጠም። አጥሩ ጥግ ብቻውን ይንቆራጠጣል። ሲያየኝ ክንዴን ይዞ ወደ ውጭ አወጣኝና ከኪሱ አንድ የቆርቆሮ ኩባያ አወጣ። ነጭ፣ ከንፈሩ ሰማያዊ፣ ጫፉ ላይ የሚስማር ቀዳዳ ያለበት።

"ባለፈው ሳምንት አስጠሩኝ" አለ። "መራመድ አቅቷቸዋል። ‘ይህን ዴራ መንገድ ላይ ገዛሁት፣ የማን እንደነበር ሳልጠይቅ መኪናው ተነሣብኝ፣ ሂድና ጠይቅልኝ’ አሉኝ። እኔ ለማባበል እሺ አልኩ እንጂ ልሄድ አልነበረም። ማን ለኩባያ ዴራ ይሄዳል? ከዚያ እንቅልፍ ነሣኝ። ሄድኩ።"

"አገኘህ?"

"ሁለት ቀን ዞሬ አገኘሁ! ኦቦ ቱሉ የሚባል ሽማግሌ ነው። ዴራ ሙቀት አይደል? እናቱ ከአጥራቸው ሥር እንስራ አስቀምጠው፣ ይህችን ኩባያ በሰንሰለት አስረው፣ መንገደኛ ሁሉ ይጠጣባት ነበር። አንድ ድርቅ ባለበት ዓመት ከነሰንሰለቷ ጠፋች። እናቱ እስኪሞቱ ‘የወሰዳት ጠምቶት ነው’ ይሉ ነበር አለኝ።" ግርማ የኩባያዋን ቀዳዳ በጣቱ ነካ። "ልነግራቸው እየሮጥኩ መጣሁ። በሩ ላይ ስደርስ ሴቶቹ ሲያለቅሱ ሰማሁ። ይኸው ከትናንት ጀምሮ ኪሴ ውስጥ ናት። አሁን ለማን ልንገር?"

ያ በተረት ሲነግድ የኖረ ሰው ኩባያዋን እጄ ላይ አኖራት።

"ነገርከኝ እኮ" አልኩት።

ሐዋን ጠየቅናት። ኩባያዋን አየቻት፣ አልነካቻትም። "የሰውየው ከሆነች ውሰዱለት" አለች።

በማግስቱ ሁለታችን ወደ ዴራ ወረድን። ኦቦ ቱሉ ከአጥሩ ሥር፣ ጥላው ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ኩባያዋን ተቀብሎ አገላብጦ አያት፤ በልብሱ ጫፍ ጠረጋት። "ሴትዮዋስ?" አለ። "ራሳቸው የሚመጡ መስሎኝ ነበር።"

"ሞቱ" አለ ግርማ። "ከትናንት ወዲያ ቀበርናቸው።"

ሽማግሌው ኩባያዋን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። "ስማቸው ማን ነበር?"

"ኩልሱማ።"

ወደ ቤቱ ዞሮ ለሚስቱ ስሙን ጮክ ብሎ ነገራት። ሚስቱም ከውስጥ፣ እንዳትረሳው ይመስላል፣ ሁለት ጊዜ ደገመችው። ከዚያ ኦቦ ቱሉ ከጀሪካን ኩባያዋን ሞልቶ ለግርማ ዘረጋለት። ግርማ ግማሹን ጠጥቶ ለእኔ አቀበለኝ። ውሃው ሞቃት ነበር። ጨረስኩት።